ልጁ ይለካል፣ መጽሐፉስ?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ የሚሄድ ወላጅ በቅድሚያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ስምንት ዓመቱ ነው ካለ፣ ሻጩ ከመደርደሪያው ሽፋኑ የደመቀ፣ ጦጣና ጅብ የተሣሉበት፣ «ለልጆች» የሚል የተጻፈበት አንድ መጽሐፍ ያወርድለታል። ወላጁ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሥዕሉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያያል፣ ይገዛል። ቤት ሲደርስ ልጁ ሥዕሉን እስከ መጨረሻው ያገላብጣል፤ ጽሑፉን ግን ሁለት መስመር ሞክሮ ይተወዋል። «ይሄ ልጅ ማንበብ አይወድም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ዕድሜ ስለ ንባብ ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ እኩዮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ ታሪኩን አንብባ ትተርካለች፣ ሌላው ገና «ጠ»ን ከ«ጨ» ለመለየት ይታገላል። ለሁለቱም አንድ መጽሐፍ ቢሰጣቸው አንዷ ትሰለቻለች፣ ሌላው ያፍራል። ለልጆች መጽሐፍ የንባብ ደረጃ መስጠት የሚባለው ሥራ የተነሣው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

በኢትዮጵያ ልጆች ምን ያህል እንደሚያነቡ ሳይለካ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪ ቋንቋ የተካሄደው የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና ውጤቱ ሲወጣ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ተብሎ ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካው የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ፤ መምህራን ሠለጠኑ፤ ምዘናውም ተደጋገመ። ተማሪዎችም በአራት እርከን ይመደቡ ጀመር፤ ጨርሶ የማያነቡ፣ ቀስ ብለው እያነበቡ ጥቂት ብቻ የሚረዱ፣ ፍጥነታቸውም መረዳታቸውም እያደገ የመጣ፣ አቀላጥፈው እያነበቡ ሙሉ በሙሉ የሚረዱ።

ስለዚህ ልጁ ደረጃ አለው። በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብ ተቆጥሯል፣ በሠንጠረዥ ሰፍሯል፣ በየስብሰባው ቀርቧል። በገበያ ላይ ያለው የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ግን አብዛኛው አልተለካም። ለየትኛው እርከን አንባቢ እንደሚሆን ደራሲው በግምት ጽፎታል፣ አሳታሚው በግምት አትሞታል፣ ሻጩም በግምት ይሸጠዋል። ይህ ክፍተት በወረቀት እጥረትና በኅትመት ዋጋ ከሚሳበበው በላይ ልጆችን ከንባብ እያራቀ ነው። የሚሞላውም ከውጭ የመጣ መለኪያ ገልብጦ በመለጠፍ አይደለም። ለምን እንደማይሞላ ለመረዳት መለኪያው እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

የመጽሐፍን ክብደት በቁጥር የመለካት ሐሳብ በአሜሪካ ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የመጀመሪያው ቀመር የታተመው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ቪየና የተወለዱት ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1948 በዓረፍተ ነገር ርዝመትና በቃላት የሲላብል (የክፍለ ቃል) ብዛት ላይ የቆመ ቀመር አወጡ። በዚያው ዓመት ኤድጋር ዴልና ዣን ቻል ልጆች ያውቋቸዋል የተባሉ 3,000 ያህል ቃላትን ዘርዝረው፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ቃል የበዛበትን ጽሑፍ «ከባድ» የሚል መለኪያ አቀረቡ። ፍሌሽ የጀመሩት ቀመር በ1975 ተሻሽሎ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥልጠና መጻሕፍቱን ለመመዘን ተጠቅሞበታል።

ከእነዚህ መለኪያዎች አንዱ የተወለደው ከኢትዮጵያ ብዙም በማይርቅ አገር ነው። ኤድዋርድ ፍራይ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራንን ሲያግዙ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ መምህራኑ ለተማሪዎቻቸው የትኛው መጽሐፍ እንደሚቀልና የትኛው እንደሚከብድ የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ፍራይ ከመጽሐፉ ሦስት ቦታ መቶ መቶ ቃል ወስዶ፣ ዓረፍተ ነገሮቹንና ሲላብሎቹን ቆጥሮ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ግራፍ ላይ የሚገናኙበትን ነጥብ የሚያሳይ ዘዴ ሠሩ። የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ብቻ ስለነበረ ዓለም ተቀበለው። የምሥራቅ አፍሪካ መምህራን ችግር የወለደው መሣሪያ ግን የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች መጽሐፍ እንዴት ይለካ የሚለው ጥያቄ ያኔ አልተነሣም።

ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሰፍቶ የሚሠራበት ሌክሳይል ነው። ኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው ሜታሜትሪክስ የተባለ ድርጅት የሚያዘጋጀው ይህ መለኪያ ኮምፒውተር የመጽሐፉን ቃላት እንዲቆጥር ያደርጋል። ቃላቱ ምን ያህል የተለመዱ ናቸው? ዓረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል ረዝመዋል? ከዚያ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ልጁም ተፈትኖ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ መጽሐፉ ለልጁ ይሆናል ይባላል። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ የጆን ስታይንቤክ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ላይ ሲደርስ ይታያል። የድርቅና የስደት፣ የረሃብና የግፍ ታሪክ የሆነው ይህ የአዋቂ ልብ ወለድ ያገኘው ቁጥር 680 ነው። አንዲት ሸረሪትና አንድ የአሳማ ግልገል የሚወዳጁበት የኢ. ቢ. ዋይት የልጆች መጽሐፍ «ሻርሎትስ ዌብ»ም 680 ነው። የስታይንቤክ ገጸ ባሕርያት በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ስለሚነጋገሩ ማሽኑ ቀላል ነው ብሎ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የጋራ የትምህርት መለኪያ ሰነድ ራሱ ይህንኑ መጽሐፍ ጠቅሶ፣ በቁጥር ብቻ ከሄዱ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ እንደሚሆን ካሳየ በኋላ፣ የመምህር ዳኝነት ከቁጥሩ በላይ መሆን እንዳለበት አስረድቷል።

ሌላው መንገድ የፊደል ደረጃ ነው። አይሪን ፋውንታስና ጌይ ሱ ፒኔል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ የጀመሩት ሥርዓት መጻሕፍትን ከኤ እስከ ዜድ በሃያ ስድስት እርከን ይከፍላል። እዚህ የሚታየው የቃላት ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሥዕሉ እገዛ፣ የታሪኩ አወቃቀርና የሐሳቡ ክብደትም ነው። ከበስተኋላው ያለው እሳቤ ኤሜት ቤትስ በ1946 የጻፉት ነው፤ ልጁ ከመቶ ቃል 99ኙን በትክክል የሚያነበው መጽሐፍ ብቻውን የሚያነበው ነው፣ 95ቱን የሚያነበው በመምህር እገዛ የሚማርበት ነው፣ ከ90 በታች የሚወርድበት ደግሞ ተስፋ የሚያስቆርጠው ነው።

ይህ ሁሉ ከመምህሩ እጅ ወጥቶ ወደ ልጁ አንገት ሲወርድ መልኩ ተለወጠ። በብዙ ክፍሎች መጻሕፍቱ በየፊደላቸው ቅርጫት ተከፋፈሉ፤ ልጆችም ራሳቸውን በፊደሉ መጥራት ጀመሩ። «እኔ ኤም ነኝ፣ እሱ ገና ኤፍ ነው» ይባባላሉ። ስለ ዳይኖሰር ማንበብ የፈለገ ልጅ መጽሐፉ ከቅርጫቱ በላይ ስለሆነ ተከለከለ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 መጻሕፍትን በደረጃ መለያ እየለጠፉ መደርደርን የሚቃወም አቋም አወጣ፤ የልጁ የንባብ ደረጃ በጓደኞቹ ፊት መታየቱ የልጁን ክብር የሚነካ ነው በሚል። ደረጃውን የፈጠሩት ሁለቱ ሴቶችም ሥርዓቱ የመምህር መሣሪያ እንጂ የልጅ መጠሪያ እንዲሆን አለመታሰቡን ደጋግመው ለመናገር ተገደዋል።

የምርምሩ መስክም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በንባብ ወደኋላ የቀሩ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ከተሻሉ አንባቢዎች ጋር አጣምሮ ሲያስነብብ፣ ከደረጃቸው ሁለት ክፍል የሚበልጥ መጽሐፍ ያነበቡት የበለጠ ተሻሽለው ተገኙ። አጠገቡ ረዳት ያለው ልጅ ከብቸኛው ልጅ የተለየ አቅም አለው ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1988 የታተመው የሪክትና የሌስሊ ጥናት ደግሞ ከዚህም ጠልቆ ይሄዳል። ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አነበቡ፤ በፈተና ደካማ አንባቢ የተባሉት ግን ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ከተባሉትና ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተረዱት። የጣና ዳር ልጅ ስለ ታንኳ አሠራር የተጻፈውን ሲያነብና የቦረና ልጅ ስለ ኤላ ጉድጓድ ውኃ አቀዳድ የተጻፈውን ሲያነብ የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ቢያለዋውጧቸው የሁለቱም «ደረጃ» ይወርዳል፤ ቃላቱን የቆጠረው ማሽን ግን ምንም ለውጥ አያይም።

አሁን በአሜሪካ ሚዛኑ ወደ ሌላ በኩል እያጋደለ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ከተመረጡ ሦስት ሥርዓተ ትምህርቶች አንዱን እንዲከተሉ ወስናለች፤ ለጀማሪዎችም ሥዕል እያዩ ከመገመት ይልቅ የተማሯቸውን ፊደላትና ድምፆች ብቻ ይዘው የሚያነቧቸው መጻሕፍት በየክፍለ ግዛቱ ተመልሰው እየመጡ ነው። ለአማርኛ የሚጠቅመው ትምህርት ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፊደል ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ በተለየ የታመነ ነው። «ሶ» ሁልጊዜ «ሶ» ነው፤ ልጁ ካወቀው የትም ቢያገኘው ያነበዋል። በሌላ በኩል የሚማረው ብዙ ነው፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ።

አማርኛ አንባቢ ሁሉ የሚያውቃቸውን የአበበን በሶና የጫላን ጩቤ በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። የአበበው ዓረፍተ ነገር፣ «አበበ በሶ በላ»፣ ሦስት ቃልና ሰባት ፊደል ነው። የጫላውም፣ «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»፣ ሦስት ቃልና ሰባት ፊደል ነው። ቃል ለሚቆጥር መለኪያ ሁለቱ እኩል ናቸው። ነገር ግን በአበበው ውስጥ የሚለያዩት ፊደላት አራት ብቻ ናቸው፤ «በ» ብቻዋን አራት ጊዜ ትመላለሳለች። በጫላው ውስጥ ሰባቱም ይለያያሉ፤ ከነሱም ሦስቱ አንድ ቤተሰብ ሆነው በእግራቸውና በወገባቸው ብቻ የሚለዩ የ«ጨ» ዘሮች ናቸው። ፊደል ከጀመረ ሁለት ወር ለሆነው ልጅ አንዱ የደስታ፣ ሌላው የልፋት ንባብ ነው።

ቃሉ ሲረዝም ልዩነቱ ይሰፋል። «ድመቷ ወተት ጠጣች» ሦስት ቃል ነው፣ ዘጠኝ ፊደል። «አስተማሪያቸው እንዳልነገራቸው አስታወሱ» እሱም ሦስት ቃል ነው፣ ሃያ ሁለት ፊደል። በሁለተኛው ውስጥ ያለው መካከለኛው ቃል ብቻውን ማያያዣ፣ አሉታ፣ ግሥ፣ ባለቤትና ተሳቢ ተሸክሟል። «ስላልመጣችላቸው» የሚለውን አንድ ቃል እንግሊዝኛ የሚለው በሰባት ቃል ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቀመር ይዞ «በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአምስት ቃል አይብለጥ» የሚል ሕግ ለአማርኛ ደራሲ መስጠት፣ ልጁን ከማይወጣው ገደል ሥር ማቆም ነው። በአማርኛ መቆጠር ያለበት በቃሉ ውስጥ ያለው ፊደልና በግሡ ላይ የተደረበው ቅጥያ ነው።

ለቃላት ድግግሞሽ ዝርዝርም እንደዚሁ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ ደራሲ በ«ጸ»፣ ሌላው በ«ፀ»፣ አንዱ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፋታል፤ ኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ብርቅ ቃላት አገኘሁ ይላል። «ሰበረ»፣ «አልሰበረችም»፣ «ተሰበረ»፣ «ሰባራ»፣ «ስብራት» ለማሽኑ አምስት ቃል ናቸው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ደግሞ የአንድ እናት ልጆች። ዝርዝሩ በሥር ቃል ካልተሠራ ልጁ የሚያውቀውን የማያውቀው አስመስሎ ያቀርባል። አሳታሚዎች ቢያንስ ለታችኛው ክፍል መጻሕፍት በአንድ ወጥ የሞክሼ ፊደላት አጻጻፍ ቢስማሙ፣ የምሁራኑ የዘመናት ክርክር እልባት እስኪያገኝ ሳይጠበቅ የልጆቹ ሸክም ይቀላል።

ፊደሉ የማይናገረው ነገርም አለ። ሳድሱ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ ጀማሪው «ልብ»ን «ል፣ ብ» እያለ ለያይቶ ሲጠራት ቃሏ ከጆሮው ትጠፋለች። ጥብቀቱም አይጻፍም። «ልጁ አለ» የሚለው ተናገረ ነው ወይስ እዚህ ይገኛል? «ዋና» መዋኘት ነው ወይስ ዋነኛው? «ይበላል» በልቶ ነው ወይስ ተበልቶ? አዋቂ ሳያስበው ከአውዱ ይለየዋል፤ ፊደል በመፍታት የተጠመደ ልጅ ግን አውዱን የሚይዝበት ቦታ አእምሮው ውስጥ አልተረፈለትም። በእስራኤል ያሉ የልጆች መጻሕፍት አናባቢውን በሚያሳዩ ነጥቦች ይታተማሉ፤ ልጆቹ ሲጠነክሩ ነጥቦቹ ይቀራሉ፤ መጽሐፉ ለማን እንደሆነ ከገጹ ላይ ይታወቃል። ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች ዕብራይስጥን ያነበቡት በዚህ መንገድ ነው። በአማርኛም ለጥብቀት ነጥብ መጠቀም እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ልማዱ አልተያዘም። አዋቂዎች ስላላስፈለጋቸው ይሆናል፤ የሚያስፈልጋቸው ሰባት ዓመት የሆናቸው አንባቢዎች ግን አልተጠየቁም። ለጀማሪ በሚታተሙ መጻሕፍት ላይ ብቻ ነጥቡን መልሶ መሞከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አገሩ የንባብ ደረጃን ከአሜሪካኖች የተማረ አስመስሎ ማቅረብም ስህተት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። ንባቡ ራሱ እርከን አለው፤ ግእዝ፣ ውርድ፣ ቁም። ያንኑ ጽሑፍ ልጁ በመጀመሪያ ቃሉን እየሳበ፣ ቀጥሎ በዜማው እያወረደ፣ በመጨረሻም አቀላጥፎ ይለዋል። መጽሐፉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የልጁ አነባበብ ነው፤ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውም የየኔታ ጆሮ ነው። አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ቅልጥፍናን እንደሚያመጣ የዛሬ ተመራማሪዎችም ይመክራሉ። ድክመቱ ግን መሸፋፈን የለበትም፤ የሚነበበው በግእዝ ቋንቋ ስለሆነ ትርጉሙ ለልጁ ዝግ ነበር፣ መረዳት የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ እሱም ለቀጠሉት ብቻ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከሰጣቸው ዕድሎች ትልቁ ይህ ነው፤ ልጁ ያነበበውን ወዲያውኑ ሊረዳው ይችላል፣ መጽሐፉ ከፈቀደለት።

ብዙው መጽሐፍ አይፈቅድም። የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጽሑፍ የተሠራ ነው፣ ዓይነቱ ግን በልጆች ተረት ሁሉ የተለመደ ነው፤ «በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ትኖር የነበረች አንዲት ብልህ ጦጣ ምግብ ፍለጋ ወጥታ ስትንከራተት ከዋለች በኋላ ከወንዙ ማዶ የበሰለ ሾላ ተመለከተች።» ሃያ አንድ ቃል ነው። ጦጣዋ የምትገባው አሥረኛው ላይ ነው፤ ሾላውን ማየቷ የሚታወቀው ደግሞ ግሡ ሲመጣ፣ ሃያ አንደኛው ላይ። በደቂቃ ሃያ ቃል የሚያነብ ልጅ ግሡ ጋ የሚደርሰው ደቂቃ ካለፈው በኋላ ነው፤ ያኔ ጫካውን ረስቶታል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ የዓረፍተ ነገር መርዘም ከእንግሊዝኛ ይልቅ በልጁ ትውስታ ላይ ይከብዳል።

ያንኑ ታሪክ ለጀማሪ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ «ጦጣዋን ራባት። ሾላ ፈለገች። ሾላው ከወንዝ ማዶ ነው።» ጠንከር ላለው ደግሞ፤ «ጦጣዋ ራባትና ምግብ ፍለጋ ወጣች። ብዙ ሄደች፤ ምንም አላገኘችም። በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ የበሰለ ሾላ አየች።» ሦስቱም አንድ ታሪክ ናቸው፤ ሾላው አልቀነሰም፣ ወንዙም አልደረቀም። የመጀመሪያውን፣ ረጅሙን፣ መጥላት አያስፈልግም፤ እናት ወይም አባት ጮክ ብለው ሲያነቡት እጅግ ያምራል፣ ልጁም በጆሮው የሚችለው በዓይኑ ከሚችለው ይበልጣል። በዚህ ረገድ «ለልጅ የሚነበብ» እና «ልጁ የሚያነበው» ተብሎ በሽፋኑ ላይ ቢለይ ብቻ የብዙ ቤት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ደራሲዎች እዚህ ላይ ያላቸው ስጋት ተገቢ ነው። ሰው ሁሉ ፊደል እየቆጠረ ከጻፈ መጽሐፉ የልምምድ ደብተር ይሆናል፣ ተረቱም ነፍስ ያጣል። ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩ ከታሪኩ ሲቀድም ነው። በትንሽ ቃል ልጅን ማሣቅና ማስደንገጥ ከባድ ሙያ ነው፤ ሙያው የሚፈልገው ክፍያና አርታኢ እስካሁን ለልጆች ጸሐፊ አልተሰጠውም።

በኢንተርኔት በኩል ደረጃ ያላቸው የአማርኛ መጻሕፍት መምጣት ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሲደረግ ማስጀመሪያው አዲስ አበባ የተካሄደለት ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ በኢትዮጵያ ቋንቋዎችም በነፃ የሚነበቡ የልጆች መጻሕፍትን አቅርቧል። የሕንዱ ፕራትሃም ቡክስ የሚያስተዳድረው ስቶሪዊቨርም በአራት ደረጃ የተከፈሉ ታሪኮችን ማንም ተርጉሞ እንዲጭን ይፈቅዳል፤ አንደኛው እስከ 250 ቃል፣ ሁለተኛው እስከ 600፣ ሦስተኛው እስከ 1,500፣ አራተኛው ከዚያ በላይ። በጎ ሥራ ነው፤ ጉድለቱ ታሪኩ ሲተረጎም የደረጃው ቁጥር አብሮ ሳይመረመር መሻገሩ ነው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ደረጃ የሆነች አጭር ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስትገለበጥ የቃሏ ብዛት ይቀንሳል፣ የእያንዳንዱ ቃል ክብደት ግን ይጨምራል። ተርጓሚው ቀላል መጽሐፍ ሠራሁ ብሎ ከባድ መጽሐፍ ይሰጣል።

የደረጃና የዕድሜ አለመጣጣም ይበልጥ የሚጎላው በውጭ ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። ሲያትል ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች የአሥር ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ወፍራም ልብ ወለድ ታነባለች፤ በአማርኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እየቆጠረች ነው። ለፊደል ችሎታዋ የሚሆነው መጽሐፍ ለአራት ዓመት ልጅ የተጻፈ ነው፤ ያሳፍራታል። ለዕድሜዋ የሚሆነው ደግሞ አይነበብላትም። ማጂ ውስጥ ያደጉት ደራሲ ጄን ከርትዝና ባልደረቦቻቸው በሲያትሉ ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ በኩል የሚያወጧቸው ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ የያዙ አጫጭር መጻሕፍት ብዙ ቤት ገብተዋል። ለዲያስፖራዋ ልጅ የጎደለው ሌላ ዓይነት ነው፤ ፊደሉ የጀማሪ፣ ሐሳቡ የአሥር ዓመት ልጅ የሆነ። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ሉሲ፣ ስለ አበበ ቢቂላ የሮም ሩጫ በአጭር ቃልና በአጭር ግሥ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ አገር ቤት ዘግይተው ትምህርት ለጀመሩት የአሥራ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍሎችም እኩል ያገለግላል።

እስካሁን የንባብ ምዘናውንም የተጨማሪ መጻሕፍቱን ዝግጅትም በአብዛኛው የተሸከመው የውጭ እርዳታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤአይዲን ሲዘጋ የገንዘቡ ዋና ምንጭ ደረቀ። ፕሮጀክት ሲያልቅ ዕውቀቱ አብሮ እንዳይሄድ፣ የፊደል ቅደም ተከተሉን፣ የሥር ቃላት ዝርዝሩንና የእርከኖቹን መስፈርት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችና አሳታሚዎች በእጃቸው ሊይዙት ይገባል። መስፈርቱ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ለመጀመሪያው እርከን ጥቂት የፊደል ቤተሰቦችና ከአራት ፊደል የማይበልጡ ቃላት፤ ለሁለተኛው አሉታና ባለቤት የያዙ ግሦች፤ ለሦስተኛው «እንደ»፣ «ስለ»፣ «ሲ» እና «እየ» የሚጀምሯቸው ጥገኛ ሐረጎች አንድ በአንድ፤ ከዚያ በኋላ ነፃ ንባብ። ሕትመቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጀማሪ በሚያነበው ገጽ ላይ «እንዳልነገራቸው» የሚለው ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት መቆረጥ የለበትም፣ ፊደሉም የራብዑ እግር ከግእዙ እንዲለይ ጎላ ማለት አለበት።

ማሽኑም፣ ዝርዝሩም፣ መስፈርቱም ሳይኖር ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ረቂቁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አሳታሚው በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት አምስት ስድስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ፈልጎ፣ መምህራቸው ባለበት፣ ከመጽሐፉ መቶ ቃል ጮክ ብለው እንዲያነቡ ይጠይቃቸው። የተደናቀፉበትን ቃል በእርሳስ ያስምርበት፤ ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው ታሪኩን በራሳቸው አፍ እንዲነግሩት ይጠይቅ። ከአሥር ቃል በላይ የተሰመረበትን ገጽ ደራሲው እንደገና ይጻፈው። የቀረውን ያትም፤ በጀርባው ሽፋን ላይም ከዋጋው አጠገብ መጽሐፉን እነማን እንዳነበቡት፣ የስንተኛ ክፍል ልጆች እንደሆኑ፣ በትናንሽ ፊደላት ይጻፍበት።